ለሳሙና ቀለም ከማጀት፦ የቱን እንያዝ፣ የቱን እንተው?

በልዩ ልዩ አካባቢ የሚገኙ የሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሳሙና በእጅ እያዘጋጁ ለገበያ ሲያቀርቡ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች ደጋግሞ የሚቀርበው ጥያቄ «ሳሙናችን ቀለም እንዲኖረው ምን እንጨምርበት?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የፋብሪካው ሳሙና ሮዝ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ፣ ከሞራ የተሠራው ነጣ ያለ ሳሙና አጠገቡ ሲቀመጥ የገዢው ዓይን ወደ የትኛው እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ችግሩ ያለው በጥያቄው ላይ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በሚሰጠው መልስ ላይ ነው። አንዱ ቀይ ሥር ጨምሩ ይላል፤ ሌላው ከርከዴ፤ ሦስተኛው በርበሬ፤ የልብስ ማቅለሚያ ከገበያ ገዝታችሁ በጥብጡበት የሚልም አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰጥ ሰው ያ ቀለም ሳሙና ውስጥ ገብቶ ከአንድ ወር በኋላ ምን እንደሚመስል አላየም ማለት ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለማኅበራት በድፍረት ሊመከሩ የሚገባቸው የተፈጥሮ ቀለሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የሚመጡት ማኅበሩ ቀለም የሌለውን ሳሙና በትክክል መሥራት ከቻለ በኋላ ነው። በሌላ በኩል፣ ቀለም ቅንጦት ስለሆነ ጨርሶ ይቅር ከሚሉት ባልደረቦች ጋርም አልስማማም። ገዢ የማኅበሩን ሳሙና ከሌላው ለይቶ የሚያውቀውና ተመልሶ የሚጠይቀው በመልኩና በሽታው ነው። በ1 ኪሎ ግራም ሞራ ላይ የሚጨመረው እርድ ከ6 ግራም አይበልጥም። ይህም 13 ያህል ቁራጭ ሳሙና ያቀልማል። እንዲህ ያለውን ወጪ ቅንጦት ብሎ መጥራት ሒሳቡን አለማየት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሳሙናው

ሳሙና ማለት ስብና አልካሊ ተዋሕደው የሚፈጥሩት ሌላ ነገር ነው። በደንብ የተነጠረ የከብት ሞራ 1 ኪሎ ግራም ሙሉ በሙሉ ወደ ሳሙና ለመለወጥ 140 ግራም ያህል ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። ሆኖም ጥቂት ስብ ሳይለወጥ ቀርቶ ቆዳን እንዲያለሰልስ፣ ትርፍ ሶዳም እንዳይኖር ከዚህ ላይ ከመቶ 5 እጅ ቀንሶ 133 ግራም ማድረግ ይበጃል። ውሃው 330 ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ በሚዛን ነው እንጂ በስኒ ወይም በጣሳ አይደለም። ሶዳው እርጥበት ስቦ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ከረጢት ደቃቅ ሌላው ፍሬ ፍሬ ከሆነ፣ በስኒ የተለካው መጠን በየጊዜው ይለያያል። ሚዛን የሌለው ማኅበር ስለ ቀለም ከማሰቡ በፊት ሚዛን መግዛት አለበት። ለልማት ሠራተኛውም ማኅበሩን በዚህ ረገድ ከመገፋፋት የሚበልጥ እርዳታ ያለው አይመስለኝም።

ስለ ጥንቃቄው አጭር ቃል ይበቃል። ሶዳ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በሶዳ ላይ አይፈስም። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይነካም። ሶዳው አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ተቀጣጣይ ጋዝም ይወጣል። ወፍራም ፕላስቲክ፣ የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ያለው ዕቃ ይያዝ። ሶዳ ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ቀሪው ሶዳ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ።

ስለ ስቡም አንድ ነገር ልጨምር። ኑግ ዘይት በብዙ ቤት ስለሚገኝ ለሳሙና ይሁን የሚሉ አሉ። ኑግ ብቻውን ለስላሳና ቶሎ የሚሟሟ ሳሙና ይሰጣል፤ በጥቂት ወራትም ጠረኑ ይለወጣል። ከዚያም በላይ ምግብ ነው። ወጥ የሚሠራበትን ዘይት ወደ ሳሙና መለወጥ ለማኅበሩም ለቤተሰቡም የሚያዋጣ አይደለም። ሞራው ላይ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ የጉሎ ዘይት ማከል ግን አረፋውን ያሻሽለዋል።

ሳሙናው ከተቆረጠ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ተደርድሮ መድረቅ አለበት፤ በክረምት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ቀለም ሳሙናውን ለመሸፈን የሚያገለግልበት መጥፎ ልማድ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ያልተማሰለ ሳሙና ውስጥ ነጫጭ የሶዳ ቋጠሮዎች ይቀራሉ፤ ከከረፋ ሞራ የተሠራውም ከጊዜ በኋላ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ቀለም በሌለው ሳሙና ላይ ሁለቱም በዓይን ይታያሉ። ጥቁር ወይም ቡናማ በሆነው ላይ ግን ተደብቀው ገበያ ይወጣሉ፤ የሶዳ ቋጠሮውም የሰው ገላ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ አንድ ቁራጭ ያለ ቀለም ተቀድቶ ለምርመራ ይቀመጥ የሚለውን ሐሳብ አጥብቄ እደግፋለሁ። ቁራጩ ነጠብጣብ ካወጣ የተቀለመውም ያው ነው።

አልጫ ወጥ የነካው ነጠላ

ስለ ተፈጥሮ ቀለም ለማስተማር ከውጭ የመጣ መጽሐፍ አያስፈልግም። አልጫ ወጥ ነጠላ ላይ ሲፈስ ቢጫ እድፍ ይተዋል፤ ሳሙና ሲነካው ግን ድንገት ቀይ ይሆናል። ብዙ እናት ይህን አይታ ደንግጣለች። ነጠላው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ እድፉ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። የተፈጥሮ ቀለም በሳሙና ውስጥ የሚገጥመው ፈተና በሙሉ በዚህች ነጠላ ላይ አለ። የመጀመሪያው ፈተና አልካሊ ነው፤ ሁለተኛው ብርሃን ነው። ሳሙና ምንም ያህል ቢደርቅ አልካሊነቱ አይለቀውም። ስለሆነም አንድ ተክል በገበታ ላይ ያለው ቀለም በሳሙና ውስጥ ለሚኖረው ቀለም ዋስትና አይሆንም።

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በአልካሊ ውስጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል፤ ሳሙናው እየደረቀ ሲመጣ ብርቱካንማ ወይም የደረቀ ሣር መልክ ይዞ ይረጋል። ደስ የሚል ቀለም ነው። በዱቄቱ መልክ በቀጥታ ሲጨመር ነጠብጣብ ስለሚተው፣ ከሞራው ጥቂት ተቀንሶ በዝግታ እሳት ላይ እርዱ ተበጥብጦበት ለአንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ በንጹሕ ሻሽ ቢጠለል ጥሩ ነው። በ1 ኪሎ ግራም ስብ ከ6 ግራም ካለፈ አረፋው ቢጫ ይሆናል፤ ፎጣም ያበላሻል። በእርድ የተቀለመ ሳሙና በመስኮት ወይም በሱቅ መስተዋት ፊት አይደረደር። በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ከሆነ ግን መልኩን ይዞ እገዢው ቤት ይደርሳል። የምንገዛው እርድ ከሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለ እንዳይሆን ሥሩን ገዝቶ ራስ መፍጨት ይመረጣል።

ከርከዴና ቀይ ሥር ግን በመጀመሪያው ፈተና ይወድቃሉ። የልማት ሠራተኛው ይህን በንግግር ማስረዳት አያስፈልገውም። አንድ ብርጭቆ የከርከዴ ሻይ በማኅበርተኞቹ ፊት ያቅርብና ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ጠብ ጠብ ያድርግበት። ቀዩ ቀለም እዚያው ዓይን እያየው ወደ ድፍን አረንጓዴ ይለወጣል፤ ቆይቶም ቡናማ ይሆናል። ቀይ ሥርም በአልካሊና በሙቀት ቀለሙ ፈርሶ ወደ ቢጫና ቡናማ ይሄዳል። ይህ የሚሠራውን ሰው ጥፋት የሚያሳይ አይደለም፤ የተክሉ ባሕርይ ነው። ሳሙናው ሮዝ ይሆናል ተብሎ በተነገራት ማኅበርተኛ ዘንድ ግን ጥፋተኛዋ ራሷ ትመስላታለች፤ በሁለተኛው ጊዜም መጠኑን በእጥፍ ጨምራ ሌላ ሞራ ታባክናለች። በሳሙናው ላይ የሚበተነው የደረቀ የጽጌረዳ ቅጠልም እንደዚሁ ሳምንት ሳይሞላው ይጠቁራል። ካሮት ከእነዚህ የተሻለ ነው፤ ተቀቅሎና ተፈጭቶ በውሃው ምትክ በከፊል ቢገባ ለስለስ ያለ ቢጫ ይሰጣል።

አረንጓዴው ሌላ ጉዳይ ነው። የሺፈራው ቅጠል ዱቄት በደቡብ በኩል በስፋት የሚገኝ በመሆኑ ማኅበራት ይወዱታል፤ እኔም እወደዋለሁ። የቅጠል አረንጓዴ አልካሊውን ይችለዋል፤ የማይችለው ብርሃንን ነው። ሳሙናው በተቆረጠ ዕለት የሚታየው ለምለም አረንጓዴ ብርሃን እያገኘው ሲሄድ ወደ ወይራ ቅጠል መልክ፣ ከዚያም ወደ አፈር መልክ ይሸጋገራል። ይህን ለገዢው አስቀድሞ መናገር ሳሙናውን አያስጠላውም። ሳይነገረው ቀርቶ ቤቱ ውስጥ ሲለወጥበት ግን የተሸጠለት ነገር ያረጀ ይመስለዋል። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ፣ ዱቄቱ በወንፊት ብቻ ሳይሆን በሻሽ ጭምር ተነፍቶ መግባት አለበት፤ አለዚያ ገላ ላይ ይቆረቁራል።

የማይለወጡት

አልካሊም ሆነ ብርሃን የማይለውጣቸው ቀለሞች ከተክል ይልቅ ከከሰልና ከአፈር ወገን ናቸው። ከሰል ጥቁርና ግራጫ ይሰጣል። ከዓመት በኋላም ያው ነው። በ1 ኪሎ ግራም ስብ 5 ግራም ይበቃዋል። ቀለም ከተቀባ ወይም ፀረ ምስጥ መድኃኒት ከነካው እንጨት የወጣ ከሰል መሆን የለበትም፤ ከባትሪ ድንጋይ የሚገኘው ጥቁር ዱቄት ደግሞ በጭራሽ አይታሰብም። ከሰሉ እንደ ኩል እስኪደቅ ድረስ ካልተወቀጠ ሳሙናው ቆዳን ይፍቃል።

ቀይ አፈርና ቢጫ አፈር ቀለማቸውን የሚያገኙት ከብረት ኦክሳይድ ነው። ይህም በሳሙና ውስጥ አይናጋም። ሆኖም አፈር ሁሉ አፈር አይደለም። ከመንገድ ዳር፣ ከጋራዥ አጠገብ፣ ከብት ከሚውልበት ወይም ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ አይወሰድ። ከጥልቅ ቁፋሮ የወጣ ሸክላ አፈር በውሃ ተበጥብጦ፣ አሸዋው ዘቅጦ ደቃቁ ከላይ ከተቀዳ በኋላ ደርቆ በምጣድ ላይ በደንብ መቆላት ይኖርበታል። ሸክላ የሚሠሩ እናቶች የትኛው አፈር ደቃቅ እንደሆነ ከማናችንም በላይ ያውቁታል፤ ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቡና ከሁለቱ መካከል ያለ ነው። አቦሉ ከሻይ ቀለም እስከ ጥቁር ቡናማ ይሰጣል፤ ቀዝቅዞ በውሃው ቦታ ሶዳው ይሟሟበታል። ይህ ሲደረግ መጥፎ ሽታ ስለሚወጣ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን። ከበረካ በኋላ የሚቀረው አተላ ቀለሙ አልቋል፤ ነገር ግን ጨርሶ ከደረቀ ለገበሬና ለመካኒክ እጅ ማጠቢያ የሚሆን ጥሩ መፋቂያ ይሆናል። እርጥቡ ከገባ ይሻግታል። ምንም ወጪ የሌለው ነገር በመሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ መሞከር ያለበት ይህ ነው እላለሁ።

ኢንዲጎም በአልካሊ የማይበላሽ ሰማያዊ ነው። ነገር ግን በየገበያው ተዘጋጅቶ የሚገኝ ባለመሆኑ ማኅበራት ገንዘባቸውን አስቀድመው በእሱ ላይ እንዲያውሉ አልመክርም።

ሊቀሩ የሚገባቸው

በርበሬ ቀለሙ ያማረ ነው፤ የማረቆ ፋናን ጠቆር ያለ ቀይ ማን ይጠላል? ነገር ግን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በሳሙና መሥራት ሂደት አይጠፋም። ፊት ላይ፣ ዓይን አጠገብ፣ ሕፃን ገላ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሙከራ አያስፈልግም። ቀረፋም በብዛት ሲገባ ቆዳ ያስቆጣል፤ ሳሙናውንም ገና ሳይማሰል ያጠጥረዋል። የልብስ ማቅለሚያ ለልብስ የተዘጋጀ ነው፤ ለገላ መሆኑን ያረጋገጠ የለም። በዚህ ላይ ክርክር መግጠም አያስፈልግም።

ከቀለም ጋር አብሮ የሚመጣው ሌላው ችግር የመድኃኒትነት ወሬ ነው። እርድ የገባበት ሳሙና ማድያት ያጠፋል፣ ሺፈራው የገባበት ጭርት ያድናል፣ ከሰሉ መርዝ ይስባል እየተባለ በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ይጻፋል። 6 ግራም እርድ በ1 ኪሎ ስብ ውስጥ ገብቶ፣ በአልካሊ ተለውጦ፣ ገላ ላይ ለግማሽ ደቂቃ አርፎ የሚታጠብ ነገር ነው። ሳሙና ያጸዳል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ጭርት ያለበትን ልጅ እናቱ ሳሙና ገዝታለት ከጤና ኬላ ብታስቀረው ጉዳቱ የማኅበሩን ስም ብቻ የሚነካ አይሆንም። የልማት ሠራተኛው በመጠቅለያው ላይ የገባበት ነገር፣ ክብደቱና የተሠራበት ቀን ብቻ እንዲጻፍ ማድረግ ይገባዋል።

እንዶድንም በሳሙናው ውስጥ እንጨምር የሚል ሐሳብ ይነሣል። እንዶድ ነጭ ልብስ በማጽዳት ረገድ ያለውን ቦታ የሚነፍገው የለም። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ነበር። ይኸው ኃይሉ ዓሣንም አይምርም፤ ዱቄቱም ዓይንና አፍንጫ ያስቆጣል። እንዶድ ለልብስ ይቆይ፤ እጣቢውም ወንዝ ውስጥ አይደፋ።

ስለ መቅመቆ

ከሁሉ ይልቅ የልማት ሠራተኞች ጊዜያቸውን ቢሰጡት የምመኘው መቅመቆ ነው። ሥሩ ቅቤ ሲነጠር ገብቶ ቅቤውን ቢጫ እንደሚያደርገው የታወቀ ነው። ይህ ሥር ኢሞዲንና ክሪሶፋኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት፤ የእነዚህ ጠባይ ደግሞ በስብ ውስጥ ቢጫ፣ በአልካሊ ውስጥ ቀይ መሆን ነው። በሌላ አገር ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የመቅመቆ ዘመድ የሆነውን የሩባርብን ሥር ሶዳ ባለበት ውሃ ውስጥ እየጨመሩ ሮዝና ቀይ ሳሙና ያወጣሉ። ማኅበራቶቻችን በከርከዴና በቀይ ሥር የሚፈልጉት፣ ግን የማያገኙት ቀለም ይኸው ነው። ተክሉ በደጋና በወይና ደጋ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ስለዚህ ሮዝ ሳሙና ለምትጠይቅ ማኅበርተኛ መልሱ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዱቄት ሊሆን አይገባም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ ተክሉን ነቅሎ መውሰድ ይጠይቃል። ማኅበሩ ሳሙናው ገበያ ካገኘለት በኋላ ከየአጥሩ እየነቀለ ቢቀጥል በጥቂት ዓመት ውስጥ ያልቃል፤ ለቅቤና ለመድኃኒት የሚጠቀሙበት ጎረቤቶችም ይጣላሉ። በመሆኑም ሙከራው ሲጀመር በጓሮ መትከሉም አብሮ ይጀመር።

ሙከራው እንደሚከተለው ቢሆን ይሻላል። ታጥቦ፣ በቀጭኑ ተከትፎና በጥላ ደርቆ የተፈጨ መቅመቆ ከ3፣ ከ6 እና ከ10 ግራም ለየብቻ ተመዝኖ በ1 ኪሎ ግራም ሞራ ሒሳብ በሦስት የተለያየ ሥራ ይገባል። አራተኛው ያለ ቀለም ይሠራል። ዱቄቱ በሻሽ ተቋጥሮ ሶዳው ከተሟሟበት ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ውሃው ሲቀላ ሻሹ በእንጨት ተይዞ ይወጣል፤ እጅ አይነካውም። ሻሹ ከጥጥ የተሠራ ይሁን፤ ሶዳ ሐርንና ሱፍን ይበላል። ከ6 ሳምንት በኋላ ከእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ተወስዶ ግማሹ በጥቁር ወረቀት ይጠቀለላል፤ ግማሹ ባዶውን ሆኖ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለ30 ቀን ይቀመጣል። ወረቀቱ ሲፈታ ሁለቱ ወገኖች በመልክ የሚለያዩት ጥቂት ከሆነ ቀለሙ ለገበያ ይሆናል ማለት ነው። ሌላው ቁራጭ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አሥር ጊዜ ይታሻል፤ ጨርቁ ታጥቦ እድፍ ከቀረበት መጠኑ በዝቷልና ይቀነስ።

ውጤቱ የተበላሸውም ጭምር ይመዝገብ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ያማረው ብቻ በመሆኑ ሌላው ማኅበር ያንኑ ስሕተት በራሱ ሞራ ይደግመዋል። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ሞራው የየትኛው ከብት እንደሆነና መቼ እንደተነጠረ፣ የሶዳውና የውሃው ክብደት፣ መቅመቆው የተነቀለበት ቦታና ወር፣ ቀለሙ በሶዳው ውሃ ወይም በስቡ ውስጥ መግባቱ ተጽፎ ይያያዝ። ናሙናውን ወደ ቅርብ የምርምር ጣቢያ ለመላክ የሚፈልግ የልማት ሠራተኛ በደረቅ ወረቀት ይጠቅልለው እንጂ በፕላስቲክ ከረጢት አይቋጥረው፤ ላብ ያወጣና መለያ ጽሑፉ ይጠፋል።